ያልቆሸሸው ካርድ

ልጅ ሳለሁ፣ ከዋጫ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ቆጮው ተበልቶ ምድጃው ላይ ፍም ብቻ ሲቀር አያቴ ተረት ይነግሩን ነበር። ከሁሉ የሚወዱት የመሬት ደብተሩን ሣር ክዳን ውስጥ ስለሸጎጠ ሰው የሚያወራውን ነበር። ደብተሩን አይጥ ይበላዋል፣ ጎረቤት ድንበሩን ይገፋል፣ ሰውዬው ለዳኛ የሚያሳየው ወረቀት ያጣና በገዛ ማሳው ላይ እንግዳ ይሆናል። እዚህ ሲደርሱ ኩራዙን ወደ ፊታቸው ጠጋ አድርገው አንድ በአንድ ያዩናል፣ አይጦቹ እኛ የሆንን ይመስል። ያኔ ከጅብ ይልቅ አይጥ እፈራ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ተወልዶ እናቴ ከጤና ጣቢያ የእናትና የሕፃን ካርድ ይዛ ስትመጣ፣ አያቴ ማኅተሙን አዩና ሌላ ምንም አልጠየቁም። ማንበብ ባይችሉም ማኅተም ያውቃሉ። በላስቲክ ጠቅልለው ከራሳቸው የመሬት ደብተር ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ሕፃኑ ስድስት ወር ሞልቶት ጤና ኬላ ወስዳ የምታስመዝንበት ቀን ሲደርስ እናቴ «አባ፣ ካርዱን ይስጡኝ» አለቻቸው።

«ዝናቡን አታይም? የመንግሥት ወረቀት ጭቃ ልታስበይው ነው?»

ለአማት መልስ አይሰጥምና ልጁን አዝላ ሄደች። ክብደቱን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጧት። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ወር እንዲሁ ሆነ፤ የምትመዝነውም በየጊዜው ሌላ ሠራተኛ ነበረች። እናቴ ብጣሾቹን ግድግዳው ላይ ትሰካቸዋለች። እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ቁጥር አነባለሁ፤ ግን እያንዳንዱን በመጣበት ቀን አንብቤ እረሳው ነበር እንጂ አንዱን ከሌላው ጎን አላየሁትም። ሕፃኑም አልቃሻ አልነበረም። ዝም ሲል «ጨዋ ልጅ» እያልን እናሞግሰው ነበር፤ አሁን ሳስበው ያመኛል።

ከሦስተኛው ሚዛን በኋላ የመዘነችው ሠራተኛ ራሷ ካርዱን ልታይ ቤታችን መጣች። አያቴ ደስ እያላቸው ሳጥኑን ከፈቱ። ካርዱ እንደተሰጠ ነው፣ አንዲት ጠብታ አልነካችውም።

«አየሽ ልጄ፣ ወረቀት እንዲህ ነው የሚያዝ!»

እሷ ብጣሾቹን ከግድግዳው ነቅላ፣ ካርዱ ላይ ሦስት ነጥብ አድርጋ በመስመር አገናኘቻቸው። ካርዱ ላይ የታተመው የጤነኛ ልጅ መስመር ሽቅብ ይወጣል፤ የእኛው ይወርዳል።

አያቴ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ ቁልቁለት ምንድን ነው?»

«ልጁ ነው፣ አባባ። እየከሳ ነው። ካርዱ ቢመጣ ኖሮ ባለፈው ወር ይታወቅ ነበር። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከዚህ ከወረደ ላይተርፍ ይችላል።»

እናቴ ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ አያቴን አየቻቸው።

ልጁ በፓኬት የታሸገ የለውዝ ምግብ እየተሰጠው ከሳምንታት በኋላ ማገገም ጀመረ። በእነዚያ ሳምንታት እናቴ የአያቴን ምግብ አቅርባ ዞር ትላለች፤ የማታው ተረትም ቀረ።

ቀጣዩ የሚዛን ቀን ሲደርስ አያቴ ማንም ሳይጠይቃቸው ካርዱን ደረት ኪሳቸው ከተው፣ ሕፃኑን አቅፈው በዝናቡ ወጡ። በእኛ መንደር ወንድ፣ ያውም ሽማግሌ፣ ልጅ ሊያስመዝን ሄዶ አያውቅም። እናቴና እኔ ከኋላቸው ተከተልን። ጤና ኬላው ደጅ ከእናቶቹ መሀል ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ አንዲት ጎረቤታችን «አባባ፣ እርስዎም ሊመዘኑ ነው?» ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው።

«እኔንማ ይሄ ልጅ መዝኖኛል» አሉ፣ እሳቸው ሳይስቁ።

ከተረቶቻቸው ብዙዎቹን ረስቻለሁ። ያልረሳሁት እናቴ ያን ጊዜ ሄዳ አጠገባቸው ስትቀመጥ ነው። «አባ፣ ደክሞዎታል፤ ልቀበልዎት» አለቻቸው። «ተይኝ፣ ተራው እስኪደርስ እኔ ልያዘው» አሉ፣ ልጁን ወደ ደረታቸው እያስጠጉ። ያኔ የወደድኳቸውን ያህል ተረት ሲነግሩኝ ወድጃቸው አላውቅም።