አየሁት ያልኩት ጋዝ

ከሰመራ የወጣሁት መግሪብ ሰግደን እንደጨረስን ነው። ሎጊያ ላይ ሚኒባሱ ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ሐጂ ያዮ ዱላቸውን ተመርኩዘው ይጠብቁኝ ነበር። እኛ ከወሎ የመጣን ነጋዴዎች ነን፤ እሳቸው የአባቴ የሱቅ ደንበኛ የነበሩ አፋር ናቸው። ዳጉን፣ መንገደኛ ሲገናኝ ቆሞ ወሬ የሚለዋወጥበትን ሥርዓት፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሥራ ስድስት ዓመት ዜና ስሠራ ከአለቆቼ ይልቅ የምፈራው እሳቸውን ነበር።

«ሰይድ፣ እዚያ ያየኸውን ትነግረኛለህ» አሉኝ። «የሰማኸው ከሆነም ከማን እንደሰማህ።»

«እሺ ሐጂ።»

ገዋኔ አድረን ረፋዱ ላይ አዋሽ ፉል በላሁ፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጀርመን።

ሥራዬ ጠፈር የሚያጠኑ ሰዎች ተቋም ውስጥ ምርምራቸውን በቀላል ቋንቋ መጻፍ ነው። አከራዬ ፍራው ሔልጋ በበረዶ ቀን መስኮት ያስከፍቱኛል፤ «ሉፍተን» ይሉታል፣ አየር መለወጥ። «እኔ የመጣሁት ንፋሱ ፊት ከሚለበልብበት አገር ነው» ብላቸው «እንግዲያው ንጹህ አየር ናፍቆሃል» ብለው ሌላውንም ከፈቱት። የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ መሥሪያ ቤት ስሄድ ደግሞ፦

«ሙያ?»

«ጋዜጠኛ።»

«ስለምን ይጽፋሉ?»

«ስለሚዋሃዱ ጋላክሲዎች።»

ሰውዬው ቀና አለ። «የት ነው ያሉት?»

«በጣም ሩቅ።»

«ጥሩ። እርስዎ ግን አዲሱ የፈቃድ ካርድ እስኪመጣ ከአገር አይወጡም። ከወጡ ለመመለስዎ ዋስትና የለም።»

ተመራማሪዋ ካትሪን የምታጠናው ሁለት ጋላክሲዎች ተጋጭተው ሲዋሃዱ ነው። ያን ጊዜ ቀዝቃዛው የሞለኪውል ጋዝ ወደ መሐል ይጎርፋል፤ እዚያ ከዋክብት በጥድፊያ ይወለዳሉ፤ አቧራው ስለሚሸፍናቸው ብርሃናቸው አብዛኛው የሚደርሰን በሙቀት መልክ ነው። ይህን በስልክ ለሐጂ ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው።

«ታዲያ ጋዙ ሣር ነው፣ ከዋክብቱ ከብት» አሉ። «ሣሩ ምን ያህል ያቆያል?»

ካትሪንም የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔ ግን እሷን ሳልጠይቅ ከሠንጠረዧ ላይ ቁጥር ወስጄ በተለመደው ማባዣ አባዛሁና «ብዙ ነው ሐጂ፤ ገና ረጅም ዘመን ያቆያል» አልኩ።

«በዓይንህ አይተኸዋል?»

እውነተኛው መልስ «አላየሁም» ነበር። ጋዙ አብዛኛው ሃይድሮጅን ነው፤ ሲቀዘቅዝ አይታይም። ሰው ከጭሱ እሳቱን እንደሚገምት፣ መጠኑ የሚገመተው አብሮት ካለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። እኔም ያየሁት ወረቀት ላይ ያለ መስመር ብቻ ነው። ግን በአገሬ ሰው ፊት ትልቅ መሆን አማረኝ።

«አይቻለሁ» አልኩ።

በሳምንቱ ካትሪን የዜና ረቂቄን መለሰችልኝ። «ያባዛህበት ማባዣ ለእኛ ጋላክሲ የሚሠራ ነው» አለች። «በሚዋሃዱት ውስጥ ጋዙ ሞቆና ተናውጦ ስለሆነ ሞኖክሳይዱ ከመጠኑ በላይ ያበራል። እውነተኛው ከጻፍከው አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። ቶሎ ያልቃል።» በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ሰረዘች፤ በቃ። ምንም አልታተመም፤ የወቀሰኝም የለም።

እኔ ግን ሦስት ጁምዓ ለሐጂ ሳልደውል አሳለፍኩ። ሲደውሉም አላነሳሁም። የሰውን ዜና ሳርም የኖርኩ ሰው ከስልክ ተደበቅሁ፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

በአራተኛው ደወልኩና ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ ስሌቱን መሳሳቴን፣ ቀጥሎ በዓይኔ አለማየቴን። የጅቡቲ ከባድ መኪኖች በአጠገባቸው ሲያልፉ ይሰማኛል።

«ያልከውን አፋምቦ ድረስ ሄጄ ለሰዎች ነግሬያለሁ» አሉ። «ማን አየ ሲሉኝ ሰይድ ብያለሁ።»

«ሐጂ፣ ደውለው ይንገሯቸው።»

«ፊት ለፊት የተናገርኩትን በስልክ አልመልስም። ነገ እሄዳለሁ።»

«በዚህ ሙቀት? በዚህ ጉልበትዎ?»

«ጉልበቴን ለኔ ተወው። የተናገርኩትን እኔ እመልሳለሁ። አየሁ ያልከው ግን አንተ ነህ፤ እሱን መጥተህ አንተ መልስ። መቼ ትመጣለህ?»

ካርዱ አልመጣም፤ ያን መናገር ደግሞ ሰበብ መደርደር መሰለኝ። «ኢንሻአላህ» አልኩ።

«ኢንሻአላህ» አሉ እሳቸውም። «ቀኑስ?»

«አላውቅም ሐጂ።»

«እሺ» አሉ። «ይህንንም እንደነገርከኝ አደርሳለሁ።»