መርዶ በላቦራቶሪ ፈቃድ

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ቦሌ ውስጥ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ነበረው። አባቴ ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ግን ሐኪም ሆኖ ቁጭ አለ።

ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው። አባቴ የሽንት ኢንፌክሽን ወደ ደሙ ገብቶበት፣ ሞተ ሲባል ተረፈ። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ አገር ቤት ሞተች። ቤተሰቡ ሄዶ ቀበረ፣ ተላቀሰ፤ ለእሱ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። "በሽተኛ መርዶ አይረዳም፤ ይጠንክር" ተባለ። እስከዚህ ያለው ወግ ነው፤ አልጣላውም።

ጉዱ የመጣው ከደም ምርመራው ነው። ደሙን በቀጭን ቱቦ ያቆሙታል፤ ቶሎ ከዘቀጠ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሰውነት ውስጡ ገና ተቆጥቷል ማለት ነው። ሐኪሙ ሲያስወጣው፣ "ትኩሳቱ ለቋቸዋል፤ ቁጥሩ ግን ገና ከፍ ያለ ነው። በዚህ ዕድሜ ከእንዲህ ያለ ሕመም ተርፈው ቁጥሩ አልወርድ ካለ ለወራት ያሰጋል፤ እየመጡ ይለኩ" አለን።

አጎቴ ከዚህ ሁሉ የሰማው "ቁጥሩ ይውረድ" የሚለውን ብቻ። "እንግዲህ ሲወርድ እናረዳዋለን" ብሎ ደመደመ። ሐኪሙን ስለ መርዶ ማን ጠየቀው! ከዚያ ወዲያ ዘመድ አዝማዱ በየምርመራው ማግስት "ወረደ?" እያለ ይመጣል። ሰውየው ዳነ ወይ የሚል የለም፤ ለመርዶ ደረሰ ወይ ነው ነገሩ። አክስቶቼ ጥቁራቸውን ጎረቤት ቤት አውልቀው፣ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰው ይገባሉ። ያበጠ ዓይናቸውን "ጉንፋን ነው" ይላሉ። ወይ ብልሃት!

አባቴ ደግሞ የእህቱን ነገር ሲያነሳ ይውላል። "አጠገቧ ሳልቀመጥ ብሞት ዓይኔ አይከደንም። ትንሽ ልበርታና አውቶቡስ ተራ ወርጄ መኪና እይዛለሁ" ይላል። አጎቴ ዓይኑን በጨው ታጥቦ "ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች" ይለዋል። ንገሩት፣ አልቅሶ ይውጣለት ብል፣ "አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ልትገይ ነው?" ብለው ወረዱብኝ። አይነጋ መስሏቸው!

ክረምቱ ሲወጣ ቁጥሩ ወረደ። ሐኪሙ ለራሱ ለአባቴ "ጥሩ ነው፤ በርትተዋል" አለው። አጎቴ ደሙን ያወረደው እሱ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ሽማግሌ ሰበሰበ። በማግስቱ ማለዳ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ።

በሩን የከፈተላቸው አባቴ ነው። ካፖርቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ሻንጣው እግሩ ሥር። ድነሃል ተብሎ የለ? ለማንም ሳይናገር ወደ እህቱ ሊሄድ ተነስቷል!

"ልትሸኙኝ መጣችሁ? ማን ነገራችሁ?" ብሎ ሁሉንም ሳማቸው፣ መረቃቸው።

እነዚያ አፈ ጮሌዎች አንተ ተናገር፣ አንተ ተናገር እያሉ በክርን ተገፋፉ። አጎቴ ጫማ ጫማውን ያያል። እኔው ነገርኩት።

አልጮኸም። ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። "መቼ?" አለ።

"አንተ ሆስፒታል እያለህ፣ አባዬ።"

ይኼኔ አጎቴ ማልቀስ ጀመረ፤ አክስቶቼም ተቀበሉት። ግን ያደረ ለቅሶ ምን ጉልበት አለው፣ ቶሎ ደረቀ። አባቴ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ።

"እናንተማ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል" አለ። "እኔ አሁን ከማን ጋር ላልቅስ?"