የኪሴ ጠጠሮች

ልጅ ሆኜ ለመክበድ የማላደርገው አልነበረም። የሰሊጥ ወቅት ሲደርስ ከተማችን ገንዳ ውሃ በናፍጣና በአዲስ ሰሊጥ ሽታ ትታፈናለች። እኛ የሰፈር ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሰሊጥ መጋዘኑ ደጅ እንሰለፋለን። መዛኙ ጋሽ ሙላት የመጨረሻው ጆንያ ሲወርድ እኛን ተራ በተራ ሚዛኑ ላይ ያቆመንና ኪሏችንን ልክ እንደ ጆንያው ጮክ ብሎ ይጠራል። ከሁሉ የከበደ አንድ እፍኝ ሰሊጥ ያገኛል። እኔ ታዲያ የቀሚሴን ኪስ ጠጠር ሞልቼ ነው የምወጣው። ጋሽ ሙላት ጠጠሩ ሲንኳኳ እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ ይሰጠኛል። ያቺን ሰሊጥ እየቆረጠምሁ ስሄድ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ በዚያው ደጅ ሳልፍ ጋሽ ሙላት ጠራኝ። ለትዝታ ብዬ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

«ስልሳ ሦስት! ኧረ ይቺስ መኪና ላይ ትጫን» አለ፣ እንደ ድሮው ሊያስቀኝ። እዚያው ሰሊጥ የሚያበጥሩ ሁለት የክፍሌ ልጆች ሰሙ። በማግስቱ ስሜ «ጆንያ» ሆነ።

ወዲያው የገና ጾም ገባ፤ ተገላገልሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ባልቀምስ ማን ይጠይቀኛል? ማታ ደግሞ ሆዴን አመመኝ እላለሁ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ እንደ መነኩሴ ነው የምትጾም እያለች ታወራለች፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ቀሚሴ ምን ያህል እንደሰፋኝ እለካለሁ። ጾሙ ተፈታ፣ እኔ አልፈታሁም።

የካቲት ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ወደቅሁ። እኛ አገር የወደቀ ሁሉ ወባ ነው፤ ጤና ጣቢያ ወስደው ደሜን መረመሩት፣ ወባ የለም። ነርሷ የጎድን አጥንቴን ዳብሳ መብላት እንደተውሁ ለእናቴ ነገረቻት።

እናቴ መሬት መሬቱን እያየች «እኔ እኮ ስኮራባት ነበር» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጤና ጣቢያ እመዘናለሁ። ካልጨመርሁ ጎንደር ሆስፒታል እንደሚልኩኝ ተነግሮኛል። ሁለት ወር ሙሉ ጨምሬያለሁ፤ እናቴም በየሳምንቱ ታለቅሳለች፣ በደስታ። የጨመረው ግን ኪሴ ነው።

ያኔ ጠጠሬን ጋሽ ሙላት ያውቅልኝ ነበር። አሁን የሚያውቅ የለም። ይህን እየጻፍሁ አንድ በአንድ አውጥቼ ደብተሬ አጠገብ ደረደርኋቸው፤ ሰባት ናቸው። ነገ ቅዳሜ ነው። እዚሁ ትቻቸው ልሄድ ነው፤ እናቴ ትክክለኛዋን ኪሎዬን ትስማ።