የሸነን ዳገትና የግርማ ብረት

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ግርማ ነው። የበደለኝም በዘጠና አንድ ዓመተ ምህረት፣ ሰኔ ውስጥ፣ አምቦ፣ ኦቦ ፈይሳ ጋራዥ ደጃፍ ላይ፣ ሰው እያየ ነው። ስሙን ከነሥፍራው የምጠራው እሱ የእኔን ስም በየዘመዱ ቤት ሲያነሳና ሲጥል ስለኖረ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያስነሱኝ ባለፈው እሁድ የመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ግርማ አዲስ አበባ ታሞ ተኝቷል፣ ከእህቱ ሳይታረቅ መሞት አይፈልግም አሉኝ። ትልቁ ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ፣ የአባቴ ወዳጅ የነበሩት፣ በመጨረሻ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ “ልጄ፣ ለአንድ ብረት ብለሽ ይህን ሁሉ ዘመን?” አሉኝ።

ለአንድ ብረት። ከተማው ነገሩን የሚያውቀው እንዲህ ነው ማለት ነው። እንግዲያው ብረቱ ምን እንደነበረ ልናገር።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ባለ ቱርቦ፣ በቤንዚን የምትሄድ፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ስቴሽን ዋገን። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ላይ ገዛት። እግሩን ሲታመም እኔ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ሾፌሩ ሆንኩ። በቆሎ ሊያይ ባኮ፣ ገብስ ሊያይ ደጋው ሸነን እወስደዋለሁ። ከባኮ ስንመለስ መስኮቱን ከፍተን የተጠበሰ በቆሎ እንግጣለን፤ ያ የቆላው ወበቅ ቀስ በቀስ ከኋላችን ይቀርና ጉደር ስንደርስ ብርዱ ይቀበለናል። “ዝጊው እንግዲህ” ይለኛል አባቴ። ሲሞት መኪናዋን ለእኔ ተወልኝ። ግርማ በለቅሶው ላይ መኪናዋን ሲያይ ዓይኑን አይቼዋለሁ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። የምኖረው በእሷ ነበር። በየቀኑ ከአምቦ ጉደር፣ በገበያ ቀን ደግሞ ሸነን ድረስ አስተማሪውንም ነጋዴውንም አመላልሳለሁ። “ሴት ናት እንዴ የምትነዳው?” ብሎ የሚወርድ ሰው አይጠፋም ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ተመልሶ የሚገባውም ያው ሰውዬ ነው።

በዘጠና አንድ በልግ ላይ ሞተሯ መንኳኳት ጀመረ። መካኒኩ ኦቦ ፈይሳ ከፍተው አዩና ካምሻፍቱ ተበልቷል አሉኝ። ካምሻፍት ሞተር ውስጥ የሚሽከረከር፣ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ጉጦች ያሉት ረጅም ብረት ነው። ጉጦቹ እየገፉ ቫልቮቹን፣ የአየርና የጭስ በሮቹን፣ ይከፍታሉ፤ ሞተር የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ግርማ ይህን ሲሰማ፣ “እኔ አመጣለሁ፣ ጓደኛ አለኝ” አለና ሰኔ ላይ ሁለት ይዞ ከሚኖርበት ከአዲስ አበባ መጣ። ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተዘረጉ። አንደኛው፣ መለስተኛው፣ ከአሮጌው ጥቂት ብቻ የሚሻል ነበር። ሁለተኛው ለውድድር መኪና የተሠራ ነው፤ ጉጦቹ ሰፋፊ ናቸው።

ልዩነቱን ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው ነገሩኝ። ትልቁ ቫልቩን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ይይዛል፤ ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር ብዙ አየር ይስባል፣ መኪናዋ ትበራለች። ቀስ ሲል ግን የገባው አየር ከጭሱ ጋር ሾልኮ ይወጣል፣ ሞተሩ ይንተባተባል። ለሞተሩ አየር የሚጨምርለት ቱርቦው የሚሽከረከረው በጭሱ ግፊት ስለሆነ እሱም ቶሎ አይነቃም። መለስተኛው ሜዳ ላይ ማንንም አያስደንቅም፤ ከታች ጀምሮ ግን ይጎትታል።

ለእኔ የሚያስመርጥ ነገር አልነበረውም። ታናሻችን ብርቄ ሸነን ታስተምር ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሄጄ ላመጣት፣ እኔ ቤት ሰንብታ አምቦ ሆስፒታል ልትወልድ ተነጋግረናል። የሸነን መንገድ ደግሞ በክረምት ከአንደኛና ከሁለተኛ ማርሽ በላይ አያስኬድም።

“መለስተኛው ይሁንልኝ፤ እኔ የምነዳው ዳገት ነው” አልኩ።

ግርማ ሳቀ። “ፈይሳ፣ ትልቁን ግጠም። እሷ ከመኪና የምታውቀው ቀለሙን ነው።” በሩ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ አብረውት ሳቁ።

“ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ የእኔ ናት። ብርቄንም የማመጣት በእሷ ነው።”

“አባባ የተወልሽ መኪናዋን ነው፤ ሞተሩን ለእኔ ተይልኝ። ለብርቄም ቢሆን የሚፈጥነው ይሻላታል።”

ኦቦ ፈይሳ ወደ እኔ አላዩም። “እንግዲህ ወንድምሽ ካለ…” አሉና ትልቁን አነሱ። ያኔ እንዲህ ነበር። ሊብሬው በሴት ስም ቢሆንም ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው የወንዱ ቃል ነው። ግርማ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን እየተዋሰ በሆለታ አስፋልት ከጓደኞቹ ጋር ሊሽቀዳደምባት እንደፈለገ የገባኝ በኋላ ነው።

ተገጠመና ግርማ ሞከራት። ብቻውን ሆኖ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ በጉደር አስፋልት። ተመልሶ ሲያቆማት ሞተሩ ሳይጠፋ ሰውነቷ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። “ሰማችሁ? ይሄ ነው ሞተር!” አለ። አጨበጨቡለት። መኪና በጆሯቸው መረጡ፤ ባዶዋን፣ በአስፋልት።

በማግስቱ ሰው ጭኜ ስወጣ ትንሿ ዳገት ላይ ተንተባተበችብኝ። ለግርማ ስልክ ደወልኩ። “እግርሽ ፈሪ ነው። ረገጥ አድርገሽ ንጂ” አለኝ። መለስተኛውን ግርማ ይዞት ስለተመለሰ፣ ኦቦ ፈይሳን አሮጌውን መልሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። “ግርማ ሳያውቅ አልነካም፣ ያጣላኛል” አሉኝ። ሐምሌም እንዲሁ አለፈ።

ምጡ ካሰብነው ቀድሞ መጣ። ከሸነን ገብስ ጭኖ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ቤቴን አፈላልጎ፣ “እህትሽን ምጥ ይዟታል፤ ነርሷ ሆስፒታል ትሂድ ብላለች” አለኝ።

“ታዲያ ለምን ይዘሃት አልመጣህም?”

“ላመጣት ነበር። እህቷ መኪና አላት ብለው አስቀሯት።”

ይህን ቃል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ስሄድ ባዶዋን ስለነበረች እየተንገዳገደችም ቢሆን ደረሰች። ብርቄን፣ ባሏን ቶሎሳንና የእሱን እናት፣ አማቷን፣ ጫንኩ። ጎረቤቶቿ ለመንገድ ብለው በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡን፤ መኪናው ውስጥ የቅቤው ሽታ ሞላ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጭኮ ቀምሼ አላውቅም።

ወንዙን እንደተሻገርን ዳገቱ ጀመረ፤ ዝናቡም ወረደ። ቀስ ስል ሞተሩ ይታፈንና ሊጠፋ ይላል። ስረግጠው ቱርቦው ድንገት ይነሳና ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ ባሉበት ይሾራሉ። በሁለቱ መካከል ምንም አልነበረም። ዳገት የሚወጣው ደግሞ በዚያ መካከል ነው።

ገበሬዎች ከየማሳቸው ወጥተው ከኋላ ያዙን። “ቶኮ! ለማ! ሰዲ!” እያሉ በኦሮምኛ እስከ ሦስት ቆጥረው ይገፋሉ፤ ጥቂት እንወጣለን፣ የወጣነውን ያህል እንንሸራተታለን። አንድ አዛውንት በመስኮቴ በኩል ጎንበስ ብለው፣ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አትርገጪው፣ ቀስ በይ” አሉኝ።

“ቀስ ስል ይጠፋል፣ አባባ!”

“ታዲያ ይሄ ምን መኪና ነው?”

እንደገና ረገጥኩት።

“እትዬ፣ ደረስን?” አለች ብርቄ ከኋላ።

“ደርሰናል፣ ትንሽ ነው የቀረን።” እሷም አላመነችኝም። እጅሽን ስጪኝ አለች፤ እጄ ግን መሪው ላይ ነበር። አልሰጠኋትም።

ልጁ እዚያው ኋላ ወንበር ላይ ተወለደ። ወንድ ነበር። አማቷ ገልብጠው መቱት፣ አሹት፣ በአፉ ተነፈሱበት። አላለቀሰም። ከጠፋ አይነሳም ብዬ ሞተሩን አላጠፋሁትም ነበርና ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ግርማ “ሰማችሁ?” ያለው ድምፅ፤ መኪናው ውስጥ ከእሱ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ብርቄን ገበሬዎቹ በቃሬዛ አድርገው ዳገቱን አወጡልኝ። ባዶዋን መኪና እየተገፋሁ ተከተልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ሆስፒታል አደረስኳት፤ ተረፈች። ሌላ ልጅ ግን አልወለደችም።

ግርማ ሊጠይቃት የመጣ ዕለት ዘመድ በተሰበሰበበት፣ “ሴት ዳገት ላይ መንዳት አታውቅም፣ ሞተሩን አፍና አጠፋችው” አለ። ወሬው ከዚያ ወጣ። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ብረቱንም የመረጥኩት እኔ ሆንኩ። ኦቦ ፈይሳ እውነቱን እያወቁ ዝም አሉ፤ አሁን በሕይወት የሉም። ብርቄ ስለዚያ ቀን አታወራም። አንዳንዴ ግን በምሳ ላይ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ምን እንደምታስብ አላውቅም፣ ጠይቄያትም አላውቅም።

እሁድ ዕለት ለሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው። “ካሳ አልፈልግም፤ ጉልበቴንም አይሳም። ለብርቄ ስልክ ይደውልና ‘ትልቁን ያስገጠምኩት እኔ ነኝ’ ይበላት። ያን ጊዜ ሄጄ አስታምመዋለሁ።”

ትናንት ተመለሱ። ግርማ አልቅሶ ይቅር በይኝ ብሏል አሉኝ።

“ለብርቄ ደወለላት?”

ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። “የድሮውን አታንሱብኝ ብሏል።”

ሰው ሊሞት ሲቃረብ ይለሰልሳል ይባላል። ይቅር በይኝ ለማለት ለስልሷል። እኔ ነኝ ለማለት ግን አልሆነለትም፤ ብርቄም እንደዚያው እያየችኝ ትኖራለች።

ብርቄ ልጇን ያጣችበት ክረምት እንዳለፈ፣ መስከረም ላይ፣ ኦቦ ፈይሳ ጋራዥ ገብቼ ትልቁን ብረት እስኪያወጡት ድረስ ቆምኩ። አሮጌውን፣ የተበላውን፣ አስመለስኩ። እየተንኳኳ የሸነንን ዳገት ብዙ ክረምት ወጣ። በመጨረሻ መኪናዋን ሸጥኳት። የግርማን ብረት ግን ግራሶ ቀብቼ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀምጬው ነበር። ትናንት ሽማግሌዎቹ ሲነሱ አወጣሁትና ለኦቦ ገመቹ ሰጠኋቸው።

“ምንድን ነው?” አሉኝ።

“የግርማ ነው፤ አድርሱለት።”

ብብታቸው ሥር ይዘውት ወጡ። በሩን ዘጋሁ።