ሁለት ፊደል በውሃ

የታሰርኩበትን ክፍል ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ የበሩ አጠገብ ግድግዳ ነው። በሰው ደረት ቁመት ላይ ኖራው በሰማያዊ ቀለም ተዥጎርጉሯል። አንዱ ጠቆር ያለ፣ ሌላው የደበዘዘ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ። ፖሊሱ ከኋላዬ በሩን ሲቆልፍ ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነበር።

«ፋዘር፣ አይደገፉት፤ ኮትዎን ያበላሻል» አለኝ አንድ ወጣት።

የክፍሉ ካቦ እሱ ነበር፤ እስረኛው ራሱ የመረጠው አለቃ። ሳሪስ አቦ መስመር ላይ የሚኒባስ ረዳት ሆኖ ስለኖረ በጠባብ ቦታ ሰው መደርደር ያውቅበታል። ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁትን ሰዎች «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይጭናል» ብሎ መቀመጫ አስለቀቀልኝ። ፋዘር መባል አልወድም፤ ልጆቼም ይህን ያውቃሉ። የዚያን ቀን ግን ባስለቀቀልኝ ቦታ ተቀመጥኩ።

የቀለሙን ነገር ያስረዳኝም እሱ ነው። ቃል ሰጥቶ አውራ ጣቱን ወረቀት ላይ ያሳረፈ ሰው ሲመለስ ጣቱን እዚያ ግድግዳ ላይ ይጠርጋል። ስለዚህ አንድ ሰው ከምርመራ ሲመጣ ማንም «ምን አሉህ?» አይለውም። ሁሉም ቀድሞ አውራ ጣቱን ያያል። ሰማያዊ ከሆነ ወይ እሱ ሊፈታ ነው፣ ወይ ሌላ ሰው በእሱ ጣት ሊያዝ ነው።

እኔ የገባሁት በስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት አቃቂ ውስጥ የእህል መጋዘን ስጠብቅ፣ ጆንያ ላይ ካለ ጽሑፍ ነው። ሰው ለራሱ ካልጨከነ ማንም አያስተምረውም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። በኋላ የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ሆንኩ፤ እንደኔ ዘግይተው ፊደል የሚጀምሩትን ማስተማር ማለት ነው። በዚህም ምክንያት በወረዳው አዳራሽ በተጠራ ውይይት ላይ ተገኘሁ። የአካባቢውን የሥራ ቅጥር አገልግሎትና የጎልማሶች ትምህርት አንድ ላይ የሚይዝ ዕቅድ ነው ተባለ። ካርታው ግድግዳ ላይ በርቶ አየነው። ሥራ ፈላጊ የሚመዘገብበት በአንድ ጫፍ፣ ማንበብና መጻፍ የሚማርበት በሌላ ጫፍ። ትምህርቱ በጠዋት። የቀን ሥራ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በጠዋት አደባባይ ካልቆመ የዚያን ቀን ሥራ የለውም።

እጄን አወጣሁና ተናገርኩ። በዚህ ዕቅድ ሥራ ያገኘ ትምህርቱ ይቀርበታል፣ ትምህርቱን የያዘ ሥራው ይቀርበታል፤ ሁለቱንም ሰዎቹ ወደሚቆሙበት አምጡት አልኩ። ስሙን መጻፍ የቻለውን ሁሉ ተምሯል ብሎ ሪፖርት ማድረግም ውሸት ነው አልኩ። ድምፄ ከፍ ያለ ነበር። ድምፄ ሁልጊዜም ከፍ ያለ ነው።

ያኔ ከኋላ የተቀመጡት አዛውንቶች ተነሱ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት በኮዬ ፈጬ በኩል ያርሱ የነበሩ ናቸው። በእነሱ መንደር ልብ የሚያደርስ ቃል ተቀምጦ አይሰማም። ተነስተው በኦሮምኛ «ሃ ተኡ» ይላሉ፤ ይሁን፣ ይደረግ ብሎ መመረቅ ነው። መድረኩ ላይ የነበሩት ያዩት ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተነስቶ አንድ ቃል ሲናገር አዩ። ስብሰባው ተበተነ። በማግስቱ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤቴ መጡና ወሰዱኝ። ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ ጃኬት አቀበለችኝ። «ብርዱን አትርሳ» አለች እንጂ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ እንዲያ ያሳደግኋት።

ከቆሙት አዛውንቶች አንዱን ክፍሉ ጥግ ላይ አገኘኋቸው። ሁሉም አባባ ይላቸዋል። እርሻቸው በነበረው መሬት ላይ በተሠራ ግቢ በጥበቃ ተቀጥረዋል። የግቢው ኮሚቴ የሚገባውን ሰው ስም የሚመዘግብ ጥበቃ ነው የምንፈልገው ስላላቸው እማራለሁ ብለው ቃል ገብተው ነው ሥራውን ያገኙት። ስብሰባው የመጡት የትምህርቱ ሰዓት ከጥበቃ ተራቸው ጋር እንዳይጋጭ ሊለምኑ ነበር። አሁን የሚያስጨንቃቸው እስሩ አልነበረም። በር ላይ የሚቆመው ሌላ ሰው እንዳይገባ ነበር። «ሰው አስገብተው ይሆን?» ይሉኛል፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይሉኛል።

ጠዋት እኔ ተጠራሁ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ጨዋም ነው። ወንበር ሰጠኝ።

«ቁሙ ብለዋቸዋል?»

«አላልኩም።»

«ታዲያ ማን አስነሳቸው?»

«ልማዳቸው ነው።»

ፈገግ አለ። ከመካከላቸው አንዱ እውነቱን ይነግረናል ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ወደ ክፍሉ ስመለስ ሁሉም አውራ ጣቴን አዩ። ንጹሕ ነበር። እኔ ግን ያየሁት የአባባን ጣት ነው፤ ወፍራም፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ የገበሬ ጣት። በምሳ ሰዓት እሳቸው እንደሚጠሩ ተነግሯቸዋል። አውራ ጣትዎን ያሳርፉና ነገ ሥራዎ ላይ ነዎት ተብለዋል። ወረቀቱ ምን እንደሚል ሲጠይቁ፣ ስብሰባ ላይ እንደነበሩ ብቻ ነው የሚለው ተብለዋል።

ጠጋ ብለው ተቀመጡ።

«መምህር፣ ስሜን አስተምረኝ። ጣት መስጠት መረረኝ። መሬቴም የሄደው በጣቴ ነው።»

«ስምዎን ዛሬ አላስተምርዎትም» አልኳቸው።

ካቦው ራሱን ነቀነቀ። «ፋዘር፣ ይሄ እኮ አይባልም። ሽማግሌ እየለመኑዎት?»

ሊገባው አልቻለም። ስሙን ብቻ መጻፍ የሚያውቅ ሰው ምንም ከማያውቀው ይልቅ ይጎዳል። ጣቱን የሰጠ ሰው ነገ አልተነበበልኝም ሊል ይችላል። ስሙን የጻፈውን ግን ማን ይሰማዋል? አዳራሹም ውስጥ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ስምዎን በሌላ ቀን፣ ዛሬ ግን ሁለት ፊደል አልኳቸው።

እስክሪብቶ አይፈቀድም። የውሃ ጠርሙሴን ከፍቼ ጣቴን አራስኩና ሲሚንቶው ላይ ጻፍኩ። ፊደሉ ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ከዚያ ከዳር እየደረቀ ይጠፋል። ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጀርባዬን ላብ ያጠምቀኛል። ክፍል ውስጥ ስብሰባ አደረገ መባል ለኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ካቦው ሳይጠየቅ ተነስቶ በሩ ጋ ተቀመጠ፤ ጫማ ሲቀርብ ያስላል። ሳሉ እውነተኛ እስኪመስል ድረስ ጎበዝ ነበር።

አባባ የመጀመሪያውን ፊደል አውድማ መሃል የተተከለ ምሰሶ አሉት። ሁለተኛውን ጎን ለጎን የተጠመዱ ሁለት በሬዎች አሉት። ሁለቱም በስተቀኝ ትንሽ እጅ እንዳላቸው እኔ ሳልነግራቸው አዩ። ደጋግመው ጻፉ። ደጋግሞ ደረቀ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ቁሙ።»

ለአፍታ አዩኝ። «አንተ ይህን አላልክም።»

«አላልኩም። ይህ ቃል ወረቀቱ ላይ ካለ ግን ወረቀቱ እሱ ቁሙ ብሏል ነው የሚለው።»

«ጣቴን ባሳርፍስ?»

«ቤትዎ ይገባሉ። ነገ በርዎ ላይ ይቆማሉ።»

«አንተስ?»

«እኔ እቆያለሁ።»

ልለምናቸው ፈልጌ ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሥራቸውን ጥለው እንዲያድኑኝ መለመን ግን የሚገባኝ ነገር አልመሰለኝም። ደግሞ ሌላም ነገር ያምሰኝ ነበር። ሁለቱን ፊደላት ያስተማርኩት ለእሳቸው ነው ወይስ ለራሴ? ዛሬም ቁርጡን መናገር አልችልም። ምናልባት ለሁለታችንም ነው።

ምሳ ሲገባ ተጠሩ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

ልጄ የላከችው ሳህን ደረሰኝ። ከፍቼ አየሁትና ለጎረቤቴ ገፋሁለት። ከጣሪያው ሥር ካለችው ትንሽ መስኮት የገባው ብርሃን ከሰማያዊው ግድግዳ ላይ ወደ ወለሉ ወረደ። ሽማግሌ ናቸው አልኩ በልቤ። ደክመዋል። ሥራው ያስፈልጋቸዋል። ጣታቸውን ቢሰጡም አልፈርድባቸውም ብዬ ለራሴ ማልኩ፤ ግን መማሌ ራሱ መፍረዴን ነገረኝ። ካቦው ሊያስቀኝ ሞከረ። «ፋዘር፣ ከዚህ ስንወጣ እኔንም ያስተምሩኛል፤ የመስመሩን ታፔላ ሳላነብ ነው ስጮህ የኖርኩት» አለ።

በሩ ተከፈተ።

አባባ ገቡ። ቀኝ እጃቸው ጋቢው ውስጥ ነው። ግድግዳው አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ አልፈውት መጡና ፊቴ ተቀመጡ፤ ውሃ ስጠኝ አሉ። ጠርሙሱን አቀበልኳቸው። ሊጠጡ መስሎኝ ነበር። እጃቸውን ከጋቢው አወጡ።

ጣታቸው ንጹሕ ነበር።

ጣታቸውን በውሃው አርሰው ሲሚንቶው ላይ ምሰሶውንና ሁለቱን በሬዎች ጻፉ። በሬዎቹ ተንጋደዋል፣ ትንንሾቹ እጆች ግን በቦታቸው አሉ።

«ይኼ ነበረበት» አሉ። «የለበትም አሉኝ። ይኸው ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው። እኔ ይህን ቃል አልሰማሁም አልኳቸው።»

«ምን አሉዎት?»

«ወደ ክፍልህ ተመለስ አሉኝ።»

መጀመሪያ የተነሳው ካቦው ነው። ከዚያ ከጎኑ ያለው፣ ከዚያ ጥግ ላይ ያሉት። እግራችን እየተጠላለፈ፣ ግድግዳ እየያዝን፣ ሁላችንም ተነሳን። ማንም ቁሙ አላለንም። አባባ ብቻ ተቀምጠው ፊደሉ ሲደርቅ ያዩ ነበር።

ክስ ሳይመሠረትብን ቆይተን፣ መጀመሪያ እሳቸው፣ በኋላ እኔ ተፈታን። አባባ የፈሩት ደርሷል፤ በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ይህን ሳልጽፍ ብተው ዋሾ እሆናለሁ። ያ ንጹሕ ጣት ለኔ ነጻነት ሰጠ፣ እሳቸውን እንጀራ አሳጣ። ውለታውን መክፈል አልችልም። ዕቅዱም ብዙ አልተለወጠም፤ ትምህርቱ አሁንም በጠዋት ነው። እኔ አመቻችነቱን ስለከለከሉኝ፣ ሠራተኛ የሚፈልጉ የጭነት መኪኖች ከመምጣታቸው በፊት አደባባዩ ዳር ከሚቆሙት ጋር እቀመጣለሁ። አባባም እዚያ ይመጣሉ፤ ሥራ ሲገኝ ይሄዳሉ፣ ሲጠፋ ይማራሉ።

ስማቸውን ያስተማርኳቸው በቅርቡ ነው። ነጭ ወረቀት ሰጠኋቸው፤ ከታች ጥግ ላይ ቀስ ብለው ጻፉ። አንድም ፊደል አልሳቱም። እኔ ተደስቼ ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ ላስቀምጠው እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው አልለቀቁትም።

«ከላዩ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምንም አይልም። ባዶ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ስሜ ከሥሩ ምን ይሠራል?» አሉና፣ የጻፉበትን ጥግ በጥንቃቄ ቀደው ኪሳቸው ከተቱ። ባዶውን ለኔ መለሱልኝ።