ባለቀላዱ ጉተማና የመሐሉ ሜዳ

ጉተማ የተወለደው ከየካ ተራራ ሥር፣ የሁሉም ቤት በር ወደ አንድ መስክ በሚከፈትበት መንደር ነው። ጠዋት ጠዋት እናቱ ኢፍቱ ደጃፏ ላይ ቆማ «አካም ቡልተን?» እያለች ጎረቤቱ እንዴት እንዳደረ ትጠይቃለች። ከመስኩ ማዶ «ናጋ» የሚል መልስ ከየበሩ ይመጣል፤ ደኅና ነን ማለታቸው ነው። ዝም ያለ በር ካለ ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ ታያለች።

ካደገ በኋላ ኦሮምኛም አማርኛም ስለሚያውቅ ቀላድ ጣይ ሆነ፤ መሬት የሚለካበትን ጠፍር ይጎትታል። የመጀመሪያ ሥራው ያንኑ መስክ ለወታደሮች መሸንሸን ሆነ። ይህን የነገረው ለሚስቱ ለሸዋረጋ ብቻ ነበር።

በ1870ዎቹ አጋማሽ ባላምባራስ አባይነህ እንጦጦ ላይ ለአርባ ጭፍሮቻቸው ቦታ እንዲመትር አዘዙት። የራሱን ጨምሮ ጎጆዎቹን ዙሪያውን ደርድሮ መሐሉን ባዶ ተወው።

«ይኼስ ለማን ነው?» አሉት።

«ለሁሉም ነው ጌታዬ፤ ለብቻው የሚይዘው የለም።»

ባላምባራሱ ባለቤት የሌለው መሬት የእሳቸው መሆኑን ነግረውት ሳቁ፤ ግን ተዉለት።

በክረምቱ አንዱ ለበቅሎው ዳስ ጣለበት። በዓመቱ ሌላው ለጎመን አጠረው። ጉተማ ከደጅ ደጅ እየዞረ ለመናቸው።

«የጦር ሰፈር እኮ ነው፤ መንደር መሰለህ?» አለው አንዱ ወታደር። «ነገ ተነሡ ስንባል ሜዳህን ጠቅልለህ ልትሸከም ነው?»

በሦስተኛው ዓመት ከሜዳው የተረፈው በቅሎ የምታልፍበት መንገድ ብቻ ነበር።

ከዚያ በእርግጥም ተነሡ ተባለ። ተራራው ላይ እንጨት አልቆ፣ ብርዱም ጠንክሮ፣ ሰው ሁሉ ወደ ፍል ውኃው ወረደ። አጥሩ ተነቀለ፤ ምሰሶውና ማገሩ በአህያ ተጫነ። መጨረሻ የቀሩት ጉተማና ሸዋረጋ ነበሩ።

ጉተማ ቀላዱን በብብቱ ይዞ ቀና ሲል ሜዳውን አየው። እሱ ከመተረውም ሰፍቷል። ዙሪያውን የየቤቱ ጉልቻ ብቻ ቀርቷል። መሐሉ ገብቶ ቆመና በእናቱ ዜማ ተጣራ፤

«አካም ቡልተን?»

ሸዋረጋ አህያዋ ላይ የምትቋጥረውን ገመድ ለቀቀች። በራቸው ወደነበረበት ሄዳ በሁለቱ የመቃን ጉድጓዶች መካከል ቆመች።

«ናጋ» አለችው።

ጉተማ የሌሎቹን በሮች መልስ እየጠበቀ ቆየ።