ከካባው ስር

እዚህ ሮማ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ደወል በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ዜማ ይፈልጋል። የሮማ ደወል ግን ዜማ የት ያውቅና፣ ደንግ ደንግ ብሎ ዝም ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የኖርኩባት፣ ቤልጅየም ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የፍላንደርስ ከተማ፣ ግንቧ ላይ የተደረደሩ ደወሎች ነበሯት፤ በየሩብ ሰዓቱ ይዘፍኑ ነበር። እማዬ፣ «ኧረ እነዚህ ሰዎችስ ሰዓት ለመናገርም ይዘፍናሉ!» እያለች ትስቅ ነበር።

ከሮማ ተነስተን እዚያ የደረስነው ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነበር። ጥገኝነት ጠይቀን መልስ እየጠበቅን፣ ከአንድ መጋዘን በላይ ባለች ክፍል እንኖር ነበር። መጋዘኑ ውስጥ የከተማዋ ግዙፎች የሚባሉት ትልልቅ አሻንጉሊቶች ይቀመጣሉ፤ ከአኻያ ዛፍ ቅርንጫፍ ተጎንጉነው፣ ልብስ ለብሰው፣ ፎቅ የሚያክሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከቅድመ አያት ዘመን ጀምሮ በየበጋው አደባባይ እየወጡ ይጨፍራሉ። ባልየውን አንድ ሰው ከካባው ስር ገብቶ በትከሻው ይሸከመዋል፣ ከውጭ የሚታየው የተሸካሚው እግር ብቻ ነው።

ብርዱ ሲገባ የድሮው ተሸካሚ ጉልበቱን ታሞ ተወ። የግዙፎቹ ጠባቂ ሽማግሌው ፒተር አባዬን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ይሄ ትከሻ ለዚህ የተፈጠረ ነው» አሉ፤ እኔ እየተረጎምኩ ተስማሙ። አባዬ ብርዱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ሲሽከረከርና ሲወዛወዝ ከረመ። እማዬም ከላይ ሆና የእግሩን ኮቴ እየሰማች፣ «የከተማቸውን ቅርስ ያሸከሙትን ሰው እንዴት አድርገው ያባርሩታል?» ትል ነበር። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን ማን ይንገራት! እኔም ከልቤ አምኛት ነበር።

በጋው ገብቶ ሰልፉ ሲወጣ፣ ካባው ላይ ያለችው ቀዳዳ መዳፍ ስለምታክል አባዬ መንገዱን አያይም ነበር። እኔ ከጎኑ እየተራመድኩ በአማርኛ፣ «አባዬ፣ ወደ ቀኝ! ቀስ፣ ደረጃ አለ!» እያልኩ መራሁት፤ እሱም ከውስጥ እያለከለከ ይስቅ ነበር። አደባባዩ ላይ ደወሎቹ ሲዘፍኑ ግዙፉን እንዲህ አድርጎ ሲያሽከረክረው ሕዝቡ በጭብጨባ ቀለጠ። ፒተር ካባውን ሲገልጡለት አባዬ ላብ በላብ ሆኖ፣ ዓይኑን እያሻሸ ወደ ብርሃን ወጣ፤ እኔም ያን ቀን የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ቅጠሉ ተመልሶ መርገፍ ሲጀምር ጠበቃችን ጠርታን፣ መጀመሪያ አሻራ የሰጠነው ጣልያን ስለሆነ ወደዚያው እንደምንመለስ ነገረችን። እማዬ ግራ ገብቷት፣ «ግዙፉን መሸከሙን ነግረሻቸዋል?» አለቻት፤ ተረጎምኩላት። ሴትየዋ አቀርቅራ፣ «ነግሬያቸዋለሁ፤ እሱ አይቆጠርም» አለች። ያንንም ለእማዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ወይ አለመታደል!

ሮማ ተመልሰን፣ ሮማኒና በሚባል ሰፈር፣ ስደተኛ የተጨናነቀበት ሕንፃ ውስጥ ገባን። አባዬ ገበያ ላይ ሳጥን ሲያወርድ ኖሮ ወገቡ ተበላሸ፣ ቀጥሎም ስኳር ዓይኑን አደከመው። እማዬ ስለዚያች ከተማ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ባለፈው በጋ የሰልፉን ቪዲዮ ስልኬ ላይ ለአባዬ ከፈትኩለት። አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ፣ «እግሩን አሳዪኝ» አለኝ። ከካባው ስር የሌላ ሰው እግር ይሽከረከራል። አባዬ፣ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን፤ እኛ ባንኖርም ይጨፍራል» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።

ትናንት ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ለማሳደስ ወሰድኩት። ሰው እየተጋፋን ሲያልፍ አባዬ ክንዴን ይዞ፣ እኔም እንደ ድሮው፣ «አባዬ፣ ወደ ቀኝ፤ ቀስ፣ ደረጃ አለ» እያልኩ መራሁት። እሱ አልሳቀም። ያኔ ሰልፉ ሲያልቅ የሚገለጥ ካባ ነበረ። አሁን ምኑን ልግለጥለት?